ለንቦቹ ያስቀረሁት ግራዋ

ባለቤቴ ጥቅምት መግቢያ ላይ አረፈ። ጥር ሲደርስ ጓሯችን ውስጥ ከነበሩት ሦስት ቀፎዎች ሁለቱ ባዶ ሆኑ። አንድ ቀን ጠዋት ወጥቼ ጆሮዬን ከአንደኛው ጎን ሳስጠጋ ምንም አይሰማም፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። መሬት ላይ የሞተ ንብ አልነበረም። ንብ ሲኮበልል የሚተወው ሰፈፉን ብቻ ነው።

እኛ ሰፈር፣ መርሳ ላይ፣ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለ። ጌታው የሞተበት ንብ ጌታውን ይከተላል ይባላል። ሊጠይቁኝ የመጡ ሁሉ ይህንኑ ነገሩኝ። ለማጽናናት ብለው እንደሆነ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ቀፎ ውስጥ ግን ገና ድምፅ ነበር። እሱን ባለቤቴ ራሱ ሸምበቆ ጠልፎ፣ ጭቃና እበት መርጎ የሠራው ነው። ከእጁ ሥራ ሁሉ ሕይወት ያለው ነገር የቀረበት እሱ ብቻ ነው። እንዳይሄድ ፈለግሁ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ወልድያ ነው የሚኖረው። ከከተማው ወጣ ባለ ቦታ የራሱ ቀፎዎች አሉት። ሁለቱ መኮብለላቸውን ሲሰማ ገመድና ባዶ ማዳበሪያ ይዞ በሚኒባስ መጣ።

«እትዬ፣ የቀረውን ይዤው ልሂድ። እዚህ ከከረመ እሱም ይሄዳል» አለኝ።

«ለምን ይሄዳል?»

«ንብ የለመደው የወንድ እጅ ነዋ። ደግሞስ ከል ለብሰው እንዴት ሊቀርቡት ነው? ጥቁር ሲያይ እንደሚያብድ ያውቁ የለም ወይ?»

እውነቱን ነው፤ ንብ ጥቁር ልብስ አይወድም። እኔም ከሐዘኑ ጀምሮ ወደ ቀፎው በቅጡ አልቀረብሁም ነበር።

«እስከ መጪው ጥር ተወው» አልሁት። «ጥርን ከተሻገረ የእኔ ነው፤ ዳግመኛ ገመድ ይዘህ አትመጣም። ከኮበለለ ደግሞ ቀፎውን ውሰደው።»

«ባዶ ቀፎ ምን ይረባኛል?» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው እንዳይኮበልል ጸልይልኝ።»

ምሳውን በልቶ፣ ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ያስፈጨሁትን ሽሮ በሰፌድ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ነበር። ተመልሼ ሳየው ንቦች ሰፍረውበታል። ዱቄቱ ውስጥ እየተንከባለሉ በእግራቸው እየጠቀለሉ ይወስዱታል። ቆሜ አየኋቸው። አበባ ያገኘ ንብ ሽሮ ላይ አያርፍም። እነዚህ ተርበዋል።

ቀና ስል ከቀፎው ጀርባ የቀረውን የግራዋ ጉቶ አየሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ።

ግራዋው ትልቅ ዛፍ ነበር። በየዓመቱ በጥር፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣ ነጭ አበባውን ያወጣና ጓሮው ከጠዋት ጀምሮ በንብ ድምፅ ይሞላል። ለባለቤቴ ተዝካር ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ሲጠብ የሰፈሩ ወንዶች ቆረጡት። ሴቶቹ ቅጠሉን ገፈው የጠላውን ጋን አጠቡበት፤ ጋን በግራዋ ካልታሸ ጠላው አይጣፍጥም። ማሩንም ለጠጅ ብለው ከሦስቱም ቀፎ እስከ መጨረሻው ቆረጡት። በደጉ ጊዜ ባለቤቴ ከእያንዳንዱ ቀፎ ጥቂት የማር እንጀራ ያስቀርላቸው ነበር፤ በዚያ ቀን ይህን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። ንቦቹ ጌታቸውን አልተከተሉም። የጌታቸው ድግስ ምግባቸውን ስለ ጨረሰ ሄዱ።

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ማድረግ የሚገባኝን ማሰብ ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ሽሮውን ተውሁላቸው፤ ስኳርም በውሃ በጥብጬ፣ እንዳይሰምጡ ጭራሮ ጣል አድርጌበት በሸክላ አቀረብሁ። ግን ይህ የእንግዳ ምግብ ነው፤ ዓመት አያኖርም። ነጭ ጋቢ ከከሌ በላይ ደረብሁና በርጩማዬን ከቀፎው ራቅ አድርጌ ተቀመጥሁ። ንቡ ወዴት እንደሚሄድና ሲመለስ እግሩ ላይ ምን ዓይነት ዱቄት እንደያዘ ማየት ነበር ሐሳቤ። ሰው በአጥር በኩል ሲያልፍ «ጋቢ ለብሳ ከንብ ጋር ታወራለች» ይል እንደነበር በኋላ ሰማሁ። አላወራሁም።

መጀመሪያ የሠራሁት ሥራ ከንቱ ነበር። ሲሪንቃ ድረስ ሄጄ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው አበባ ገዛሁ። አንደኛው ድርብርብ ጽጌረዳ ነው፤ ሁለተኛው ቅጠሉ እንደ አበባ የሚቀላ ሐረግ። ለዓይን ያማሩ ነበሩ። በየቀኑ አጠጣኋቸው፤ አበቡም። ንቦቹ ግን ከላያቸው እያለፉ ወደ ጎረቤት የሎሚ ዛፍ ይሄዳሉ። ጽጌረዳው በቅጠል ላይ ቅጠል ስለሆነ ንብ የሚገባበት የለውም፤ ሐረጉም ከቀለሙ በቀር የሚሰጠው ያለው አይመስልም። ሁለቱንም ወደ በሩ አዛወርኋቸው። እዚያ ሰው ያያቸው።

ከዚያ ወዲህ የምተክለውን የምመርጠው ንቦቹን ጠይቄ ነው ማለት ይቻላል። ለመስከረምና ለጥቅምት ምንም አልተከልሁም። በዚያ ጊዜ አደይ አበባውም፣ ማገጡም፣ ኑጉም በየማሳው አለ፤ ወረዳችን ሀብሩ ውስጥ የሚራብ ንብ የለም። እኔ የምፈልገው ሌሎች አበቦች ሲጠፉ የሚያብብ ነው። ሽፈራው በአጥሩ በኩል ተከልሁ፤ ቶሎ ያድጋል፣ በሚያዝያ ሙቀትም ያብባል። ከድንጋዩ ካብ ሥር እሬት ደረደርሁ፤ ውሃ አይጠይቅም። የፈረንጅ ሱፍ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍዬ ዘራሁ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እንዲከፈት። በሶብላና ድምብላል ከዕቃ ማጠቢያው ውሃ በሚፈስበት መስመር ላይ አደረግሁ። ዱባውን ደግሞ ለክረምቱ ብዬ ከቀፎው አጠገብ ተከልሁት፤ ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ሲል ንቡ ሩቅ ሳይሄድ የሚያርፍበት አበባ እንዲያገኝ ነው። የግራዋውን ጉቶ ዙሪያውን ቆፍሬ ፍግ አለበስሁት። በልጉ ሲጥል ጉቶው አቆጠቆጠ።

ሚያዝያ ላይ ሌላ ነገር መጣ። ከቦዩ ማዶ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ እስላም ጎረቤት አለኝ፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር በውሃ ተራ ሲጨቃጨቁና ሲሳሳቁ ነው የኖሩት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መድኃኒት ረጨ። ከሰዓት በኋላ ንቦቼ ከቀፎው አፍ ፊት ይንፈራገጡ ጀመር። ጫማዬን አጥልቄ ቦዩን ተሻገርሁ።

«ንቦቼን ፈጁብኝ» አልሁት።

«ሱብሃነላህ፣ ዛሬ ደግሞ ለክስ መጡ!» አለ። «ንብዎ እኮ ፈቃድ ጠይቆ አይደለም ማሳዬ የሚገባው።»

«እርስዎስ የሽንኩርት ዘር ከማን ነው የሚያገኙት? ባለፈው ዓመት ለዘር የተዉት ሽንኩርት ፍሬ የያዘው በማን ነው?»

ለዘር የተተወ ሽንኩርት ሲያብብ ንብ ካልጎበኘው ፍሬው ባዶ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

«ትሉስ? ትሉን ምን ላድርገው? ላሳድገው?»

«ይርጩት። ግን ንቡ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ይሁን።»

የመርጫውን ዕቃ ከጀርባው አውርዶ ተቀመጠ። «ሟቹም እንዲህ ግትር ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። በሉ እሺ፤ መግሪብ ሲቃረብ እረጨዋለሁ። የሚያብበውን መደብ ደግሞ አልነካውም። ማር ሲቆረጥ ግን የኔን ድርሻ እንዳይረሱ።»

«ዘንድሮ ማር የለም።»

«እንዴት የለም?»

«አይቆረጥም። የእነሱ ነው።»

«እንዲህ ያለ ንብ አርቢ ገና ዛሬ አየሁ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ግን ፀሐይ ካላዘቀዘቀች ሲረጭ አላየሁትም።

ክረምቱ ረጅም ሆነብኝ። ዝናቡ ሲያባራ ወጥቼ የዱባውን አበባ አያለሁ፤ አንድ ሁለት ንብ ውስጡ ገብቶ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ እመለሳለሁ። ከግራዋው ጉቶ ካደጉት ቅርንጫፎች ጥቂቱን ቆርጬ በታችኛው አጥር ተከልሁ፤ በክረምት ዝናብ ሁሉም ያዙ። ለምን እንደተከልኋቸው ያን ጊዜ ልቤ ያውቅ ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያሰብሁት ደረሰ። ከአጥሬ ማዶ ያለችው ባልንጀራዬ በጥር ልጇን ልትድር ነው። ሁለት ሴቶች አስከትላ ማጭድ ይዛ ገባች። እኛ ዘንድ ግራዋ ያለው ሰው ቅጠል አይከለክልም። መጠየቁም እንደ ሰላምታ ነው፤ መልስ አይጠበቅም። ቅጠል ጠይቃኝ ወደ ግራዋው እየሄደች ነበር።

«ከዚህኛው አይቆረጥም» አልኋት።

«ምን አልሽ?»

«እንቡጥ ይዟል። ጥር እስኪያልቅ የንቦቹ ነው።»

«አንቺዬ፣ ቅጠል እኮ ነው የጠየቅሁሽ፤ ላም አልጠየቅሁሽም!»

«ላም ብትጠይቂኝ ይቀለኝ ነበር።»

ከሴቶቹ አንደኛዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ንቦቹም ልጅ ሊድሩ ነው መሰለኝ» አለች።

«ለእነሱም ድግሱ አሁን ነው» አልሁ። «እታች አጥር ላይ ያለው ለጋን ብዬ የተከልሁት ነው። ዘንድሮ አያብብም። እስኪበቃችሁ ግፈፉት።»

ባልንጀራዬ ወደ ታች ሄዳ ገፈፈች፤ ስትወጣ ግን ደህና ዋይ አላለችኝም። ወዲያው በሰፈሩ ቅጠል የነፈገች ተባልሁ። ቀላል አልነበረም። በዚህ ሰፈር ዕድሜዬን ሙሉ ስኖር እንዲህ ያለ ስም አልወጣልኝም። በማግስቱ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ ቤቷ ሄድሁ። ማንም ሳይጠራኝ ትልቁን ጋን አጋድሜ እስከ ትከሻዬ እጄን ከትቼ በግራዋው አሸሁት። ሦስተኛውን ጋን ስጀምር ባልንጀራዬ ውሃ አምጥታ ጨመረችልኝ።

«ንቦችሽ ደህና ናቸው?» አለች፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ።

«ደህና ናቸው።»

«እንኳን ደህና ሆኑ፤ ሰርጌን አስንቀው።»

ጥር ገባ። ግራዋው እንደ ድሮው ትልቅ አልነበረም፤ ከጉቶው የወጡት ቅርንጫፎች ቁመታቸው ከእኔ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አበባው ግን ነጭ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ተከፈተ። ከሰርጉ በኋላ በነበረው ሰሞን የባለቤቴ ወንድም መጣ። ገመዱን በእጁ ይዟል፤ ማዳበሪያውንም ብብቱ ሥር።

ቡና አልጠየቀም፤ በቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈ። ተከትዬው ወጣሁ። ቀፎው ፊት ቁጢጥ ብሎ የሚገቡትን ንቦች ብዙ ጊዜ አየ። እግራቸው ላይ ዱቄት ይዘው ነው የሚገቡት። ጆሮውን ከቀፎው ጎን አስጠጋ፤ በጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ግራዋውን፣ ሱፉን፣ እሬቱን ተራ በተራ አየ።

«አልቆረጡትም ማሩን?» አለኝ።

«አልቆረጥሁም።»

«ጥቂት እንኳ?»

«ጥቂት እንኳ።»

ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። «የኔ ሁለቱ ዘንድሮ ሄደውብኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ግቢውን ለጎረቤት ሰርግ ብለን ቁጥቋጦውን ሁሉ መንጥረን አጽድተነው ነበር።»

እሱም ሁለቱን ነገሮች ያገናኛቸው መሰለኝ፤ አጥሬን እንደገና አየ።

«እንግዲህ መስከረም ላይ ይህ ቀፎ ለሁለት መከፈሉ አይቀርም፤ ብርቱ ሆኗል። የሚወጣውን መንጋ ለኔ ያደርጉታል እትዬ?»

«ሰኔ ላይ ና፤ የግራዋ ቅርንጫፍ እሰጥሃለሁ። የሽፈራው ፍሬም አለ። ተክለህ መያዙን ካየሁ መስከረም ላይ መንጋውን ትወስዳለህ።»

«መጥተው ሊያዩ ነው?»

«ወልድያ ሩቅ አይደለም።»

ሳቀና ማዳበሪያውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ገመዱን ግን አስቀርሁት። ከግራዋው ቅርንጫፎች አንዱ አበባው ከብዶት ወደ ቦዩ ዘንበል ብሎ ነበር፤ እሱ እየያዘልኝ ከአጥሩ እንጨት ጋር አሰርሁት።