አፍ አፋቸውን የሚያየው መምህር

ተማሪዎቹ «ጋሼ ድገመው» ይሉታል። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ሲያስተምር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ከጠየቀ፣ ከሰሌዳው ይላቀቅና ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ «ድገመው እስቲ» ይላል። ልጆቹ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ ፈልጎ ይመስላቸው ነበር። ነገሩ ግን ሌላ ነው። መምህሩ አይሰማም።

ጆሮውን የወሰደበት አንድ ክፉ ትኩሳት ነው። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁ ጠፋበት፤ ውሎ አድሮ የሰው ንግግር ከሩቅ እንደሚሰማ ጄኔሬተር ጉርምርምታ ብቻ ሆነ። ሐኪሙ ነርቩ መሞቱን፣ መስሚያ መሣሪያም እንደማይፈይድለት ቁርጡን ነገረው። ይህን የሚያውቁት እሱና ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ብቻ ነበሩ። ለቀረው ሰው ዐይኑ በቃው፤ አፍ አፋቸውን እያየ የሚሉትን ይለቅማል። በመምህራን ስብሰባ ሌላው ሲስቅ እሱም ይስቃል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ። «የሱ ሳቅ በእግሩ ነው የሚመጣው» ብለው ሲቀልዱበትም አብሯቸው ይስቃል።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ዳይሬክተሩ መምህራኑን ግቢው ውስጥ አራርቆ አቁሞ «ከእንግዲህ ትምህርቱ በስልክ ነው» አላቸው። የብዙው ቤት ኔትወርክ ቪዲዮ አይችልም። ስለዚህ መምህሩ የሠራውን ፎቶ አንስቶ ለክፍሉ በተከፈተው የስልክ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል፤ ተማሪው ያልገባውን በድምፅ ይጠይቃል።

መምህሩ «በጽሑፍ ጠይቁኝ» ብሎ ለምኖ ነበር። ማን ሰምቶት! ስልኩ የእናት ወይ የአባት ነው፤ ልጆቹ ለአፍታ ተውሰው ነው የሚይዙት። በዚያች አፍታ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ የለም። የድምፅ መልእክቱ ጎረፈ።

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፍና ፊቷን ወደሱ አዙራ ታስረዳዋለች።

«ኔጌቲቩ ሲሻገር ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል ነው የሚለው።»

«የቱ ጥያቄ ላይ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሲሻገር ነው ያለው። ድንበር ይሁን ወንዝ አልነገረኝም።»

ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። ሳቁ ግን አልዘለቀም። የሷ ደንበኞች ቀሚሳቸው ሳይደርስ እየቀረ ያኮርፉ ጀመር፤ የሱ ተማሪዎች ደግሞ መልስ እየዘገየባቸው አንድ በአንድ ከግሩፑ ወጡ።

ካልወጡት አንዷ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው የአንዲት ልብስ አጣቢ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፤ ሳይገባት ገባኝ የማትል። አንድ ከሰዓት ሚስቱ ክር ልትገዛ ወጥታ ሳለ ስልኩ እጁ ላይ ነዘረ። የልጅቱ ቁጥር ነው። ደውላለት አታውቅም። ሳይወድ በግዱ አነሳው። ጉርምርምታ። ዐይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወጠረ፤ ያው ጉርምርምታ።

«ድገሚው እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

ደገመችው።

«እስቲ አሁንም።»

ጉርምርምታው ቆረጥ ቆረጥ አለ። መቼም የዛሬው መልመጃ ከብዷት ይሆናል ብሎ ገመተና «ይሄማ ቀላል ነው፣ ራስሽ ሞክሪው» ብሏት ዘጋ።

ሳምንትም ሳይሞላ ዳይሬክተሩ ቤቱ ድረስ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ በማስኩ ውስጥ ማውራት ሲጀምር መምህሩ «እባክህ ዝቅ አድርጋት» አለው። ዝቅ አደረጋት።

«ጋሼ፣ ልጅቱ ስትደውል ምን ብላዎት ነበር?»

መምህሩ ወደ ከንፈሩ ጠጋ አለ።

«እናቴ ሰው ቤት ልታስቀጥረኝ ነው፣ ቲቸር ያናግሩልኝ ብላ እያለቀሰች ለመነችዎት። ጓደኛዋ አጠገቧ ነበረች። ቀላል ነው ራስሽ ሞክሪው አሏት። ሄደች እኮ፣ ጋሼ።»

መምህሩ ከዳይሬክተሩ ከንፈር አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ምነው ባመለጠችኝ አለ በልቡ።

«አልሰማኋትም» አለ። «ማንንም አልሰማም። ቆይቷል።»

ዳይሬክተሩ ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ብነግርህ አስተምር ትለኝ ነበር?»

ዳይሬክተሩ ማስኩን ወደ አፉ መለሰ።

በነጋታው መምህሩና ሚስቱ ልብስ አጣቢዋ ዘንድ ሄዱ። ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ባዶ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰው በሽታ ፈርቶ ልብሱን ለሌላ መስጠት ትቷል። አልተቆጣቻቸውም፤ መቆጣት ራሱ የደከማት ትመስላለች። ልጅቱ ያለችው ሌላ ከተማ ነው፤ አሠሪዎቿ ስልክ አያስይዟትም። «ቢያናግሩኝስ ምን አደርግ ነበር፣ ጋሼ?» አለች። «ታናናሾቿን ምን ላብላቸው?» ሚስቱ ቃል በቃል ነገረችው። እጅ ነስቶ ወጣ።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዳይሬክተሩ እስቲ ይሞክሩ አለው፤ ደግ ሰው ነው። ክፍሉ ግን ዐይን ብቻ ሆኖ ጠበቀው። አፍ የሚባል የለም። ሚስቱ ይህን አስባ አፉ ላይ እንደ መስኮት መስተዋት የሚያሳይ ላስቲክ ያለበት ማስክ ሰፍታ ነበር። የፊተኛው ወንበር ልጅ አጠለቀውና ጥያቄውን ጀመረ። ገና ሁለት ቃል ሳይናገር ላስቲኩ በትንፋሹ ጉም ለበሰ። ልጁ በእጅጌው ጠረገው፤ መልሶ ጉም ለበሰ። ከኋላ የልጆች ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ መምህሩ አየ። ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣ፤ ክፍሉም ለሌላ መምህር ተሰጠ።

አሁን የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። የተቀደደ ይለጥፋል፣ አቧራ ያራግፋል። ስለ ልጅቱ እናትየዋን አልፎ አልፎ እየሄደ ይጠይቃል፤ ወሬ የለም እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። ሚስቱ ማታ ማታ «እንዴት ዋልክ?» ትለዋለች፣ ፊቷን ወደሱ አዙራ። «ዋልኩ» ይላታል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ባልደረቦቹ በግምጃ ቤቱ በር እያወሩ ያልፋሉ። ቀድሞ ገብተው ትከሻውን ነካ እያደረጉ ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ አሁን ትተውታል።