የሕመም ሐኪም ልሁን ያለችው ልጄ

ሐኪሟን ልጄን አየር ጤና የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን በምን ስፔሻላይዝ እንደምታደርግ ብጠይቃት «በሰመመን» አለችኝ። ሰው ለኦፕራሲዮን ማስተኛት ማለት ነው። እኔ ለዕድሩ ሴቶች ሁሉ የሕፃናት ሐኪም ልትሆን ነው ብዬ አውርቻለሁ!

«አስተኝተሽው ባይነቃስ? አንቺን አይደል የሚይዙት?»

«እማዬ፣ የሕመም ሐኪም ለመሆን መንገዱ በዚያ ነው።»

«ሌሎቹ ታዲያ ምን ሊያክሙ ነው፣ ጤና?»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«አባባ ሊሞት ሰሞን ሲያቃስት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ትዘጊ ነበር። ሕመሙን የሚያስታግስለት ሐኪም አጥተን እኮ ነው።»

እውነቷን ነው። ታክሲው ሲመጣ እስከ ኮልፌ የሁለታችንንም ሒሳብ እኔ ከፈልኩ።

አሁን የትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ይዛለች። ስልኳን ባላነሳች ቁጥር አንድ ሰው ሳይነቃ የቀረባት ይመስለኛል፤ ተናድጄም ፈርቼም ደጋግሜ እደውላለሁ።