እማማ ሙጫ የጠረዘችው ዳዊት

መጀመሪያ እጇን ትታጠባለች። ከዚያ የተበተነውን መጽሐፍ እጥፍ በእጥፍ ትደረድራለች፤ ገጹን በአውራ ጣቷ እየገለጠች ትቆጥራለች። ጀርባውን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ታስተካክልና በሁለት ጣውላ መሀል ታስረዋለች። በወስፌ አምስት ቀዳዳ ትበሳለች። ክሩን ሰም ላይ ሁለት ጊዜ ጎትታ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየመለሰች ትሰፋለች። ሙጫውን ታሞቃለች፤ ቀጠን አድርጋ ትቀባለች። በመጨረሻ፣ ጀርባው በጨርቅ ከመሸፈኑ በፊት፣ ጣት የምታክል ወረቀት አጥፋ እዚያ ውስጥ ትሸጉጣለች። አማትባ ትከድነዋለች።

ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል አርባ ዓመት እንዲህ ሠራች። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ ሙጫ» ነው የሚላት። «እማማ ሙጫን የጨበጠ እስከ ማታ አይላቀቅም» እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ያሳደገችው በዚሁ ወስፌ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም ሙጫ አሙቃ አታውቅም።

የወረቀቷ ነገር የመጣው ከስህተት ነው። አንድ ጊዜ የቄሱን ትልቅ የንባብ መጽሐፍ ስትጠርዝ አንዷን እጥፍ ገልብጣ ሰፋቻት። እሑድ ቄሱ ንባቡ መሀል ሲደርሱ ፊደሉ እግሩን ሰቅሎ ጠበቃቸው። ፊታቸው ሳይለወጥ መጽሐፉን አዙረው ቀጠሉ። አጠገባቸው የቆመው አዲስ ዲያቆን ሥርዓት መስሎት የራሱንም አዞረ፤ የእሱ ግን ደህና ነበርና ማንበብ አቃተው።

«አባ፣ ያምጡት ላስተካክለው» ብትላቸው፣

«ተይው ልጄ፣ ሲያንጎላጀኝ ይቀሰቅሰኛል» አሏት።

ከዚያ ወዲህ በጠረዘችው ሁሉ ውስጥ ወረቀት መሸጎጥ ጀመረች። በፊት «አጣምሜ ሰፍቼ እንደሆነ ይቅር በሉኝ» ብቻ ነበር። ኋላ ጸሎት ተጨመረበት። «ሾፌሩን ልጄን መንገዱን ያቅናለት በሉ።» «የልጅ ልጄ የነርስነት ፈተና አለባት፣ አስቧት።» «ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ጉልበቷን ታማለች።» ይህን የሚያየው መጽሐፉን ዳግም የሚጠርዝ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከስንት ዓመት በኋላ። «ማን ሊያነበው ነው?» ሲሏት፣ «የሰው ሥራ ነው፣ አንድ ቀን መፈታቱ አይቀርም» ትላለች።

የምትፈታው ሴት ልጇ ነበረች። ሙያውን ከእናቷ ተምራ ከጎኗ ተቀምጣለች፤ አርጅቶ የተመለሰውን መጽሐፍ ጀርባውን የምትልጠው እሷ ናት። በድሮዎቹ ውስጥ ስሟ ሞልቷል። ካለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት ወዲህ በተጠረዙት ውስጥ ግን የወንድሟን አግኝታለች፣ የልጇን አግኝታለች፣ የወተቷን ሴትዮ ሁለቴ። የራሷን አንድም ቀን አላገኘችም።

ምክንያቱን ታውቀዋለች። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ባሏን ቀብራ ስትመለስ እናቷን፣ «ለእኔ እንዳትጸልዪ። ያን ሁሉ ጸልየሽ ምን ሆነ? ቃል ግቢልኝ» አለቻት። «እሺ፣ ቃሌ ነው» አለች እናትየዋ። ነገሩ ዳግመኛ አልተነሳም። ጎን ለጎን ሰፉ፣ ወስፌ ተቀባበሉ፣ በዲያቆኑ ሳቁ። ልጅቷ ግን የተመለሰ መጽሐፍ በገባ ቁጥር ትፈልጋለች። እናቷ የእውነት ትታት እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች።

እናትየዋ ማክሰኞ ሞተች፣ ረቡዕ ተቀበረች። ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ክፍሉን ከፍታ ጠረገች፣ ወስፌዎቹን በቁመታቸው ደረደረች። ምንም አልተሰማትም። «አልቅሺ፣ ይወጣልሻል» ሲሏት «እሺ» ትላለች፣ ውሃ ጠጪ እንደተባለ ሰው።

ረፋዱ ላይ ነርሷ ልጇ የአያቷን ዳዊት ይዛ ገባች። እናትየዋ ባለፈው ዓመት ራሷ ያደሰችው፣ የመጨረሻ ሥራዋ ነው። ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ከአልጋዋ ወድቆ ጀርባው ተገንጥሏል።

«እማዬ፣ ይቺን ሥሪልኝ። ልደግምበት ነው።»

«ሰኞ።»

«እማማ መጽሐፍ ለሰኞ ስትቀጥሪ ብትሰማ ከመቃብር ተነስታ ነበር የምትቆጣሽ።»

«አልፈራሁም።»

«ፈርተሻል ያለሽ አለ?» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስምሽ ወረቀቷ ላይ ካለም አለ፣ ከሌለም የለም። ስምንት ሰዓት ሥራ እገባለሁ።»

የነርሷ እናት እጇን ታጠበች። ጨርቁን በእንፋሎት አራሰችው፣ በቢላ ጫፍ ላጠችው። ሙጫውን ስታማስል አንድ ጠብታ አውራ ጣቷ ላይ አረፈ።

«ተቃጠልሽ እኮ!» ልጇ ተስፈንጥራ ጠረገችላት።

«እንዴ?» ጣቷን አየችው። ቀልቷል። የሌላ ሰው ጣት ይመስላል።

ወረቀቷ ቦታዋ ላይ ናት። አልነካቻትም። መጀመሪያ ክሩን ሰም ላይ ሁለት ጊዜ ጎተተች፣ መርፌ ውስጥ ከተተች፣ ጫፉን ቋጠረች። ከዚያ ወረቀቷን በቢላው አንስታ ለልጇ ሰጠቻት።

«አንቺ አንብቢው።»

«ራስሽ አታነቢውም?»

«እጄ ሙጫ ነው። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»

ነርሷ ወረቀቷን ዘረጋች። ጽሑፉ ይንቀጠቀጣል፤ አንዷ ቃል ተሰርዛ እንደገና ተጽፋለች።

«ይህን ጀርባ የፈታችሁ ሰው፣ ሙጫ አብዝቼ እንደሆነ ይቅርታ፣ ዓይኔ ደክሟል። ሴት ልጄ እንዳትጸልዪልኝ ብላ ቃል አስገብታኛለች። ጠብቄዋለሁ። ስሟ አፌ ላይ ሲመጣ መልሼ እየዋጥኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እናንተ ግን ቃል አልገባችሁም። እባካችሁ፣ ክሩን ከማጥበቃችሁ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለእሷ ጸልዩልኝ።»