ደስታዋን ደብቃ ነው ያልናት

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ትልቋ ልጄ ሰበታ ናት፣ ወንዱ ልጄ ቡራዩ፣ ትንሿ ሱሉልታ፤ እኔ በሚኒባስ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርኩ ነው የምኖረው። ሰበታ ስሰነብት ሱሉልታ ያኮርፋሉ፣ ሱሉልታ ስሄድ ቡራዩ ይደውላሉ። «የእናታችን ሻንጣ ከእኛ የበለጠ አገር ያውቃል» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ሰው ማየት እወዳለሁ። ብዙ አይቻለሁ ብዬም አስብ ነበር። ምራቴ የወለደች ጊዜ ያየሁትን ግን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ወይ ደግሞ አይቼ አላወቅሁትም።

ምራቴ፣ የወንዱ ልጄ ሚስት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ግቢው በሰው በተሞላ ሰፈር ነው ያደገችው። እናቷ በልጅነቷ አርፈዋል፤ ያሳደጓት ጎረቤቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እሷና ልጄም ቡራዩ ዳር አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ተከራይተው ገቡ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ብርሃን አለው፣ በኋላ በኩል እርሻ ይታያል። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ግን የሚያውቃት ሰው አልነበረም። ልጄ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ጭኖ ከወጣ የሚመለስበት ቀን አይታወቅም። የመጀመሪያ ልጃቸውን እዚያ ቤት ሆነው ነው የጠበቁት። ወንድ ነበር። ሞቶ ተወለደ።

እኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለ ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ብዙም አይለቀስም። «እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» አልናት ሁላችንም። «አሜን» አለች። በዚያው ቀረ።

ከዚያ ደግሞ አረገዘች። ልጅ የሞተባት ሴት ሁለተኛውን ስታረግዝ ደስታዋን አታሳይም። ልብስ አስቀድማ አትገዛም፣ ስም አታወጣም፣ ስለ ሆዷ ሲያወሩላት ወሬ ታስለውጣለች። ሲወለድም «ሲያምር!» ካሏት «ምኑ ያምራል?» ትላለች። ዓይን ፈርታ ነው። እኔ ራሴ ትንሿን ልጄን እስክትራመድ ድረስ «አስቀያሚዋ» ብዬ ነው የጠራኋት፤ ዛሬም ትወቅሰኛለች። ስለዚህ ምራቴ አንዲት ካልሲ እንኳ ሳትገዛ ወራቱ ሲያልፍ ማንም አልገረመውም። ምግብ ስትገፋ፣ እንቅልፍ ስታጣ፣ ስለ ፅንሱ ስትጠየቅ ትከሻዋን ስትሰብቅ፣ «ብልህ ናት» ነበር የምንለው።

ከአጥሩ ማዶ ላሞች ያሏት የኦሮሞ ሴት አለች። ወተት ይዛ ስትመጣ «አካም ጅርቱ፣ አኮ?» ትለኛለች፤ እንዴት ነሽ አያቴ ማለቷ ነው።

«ምራትዎ እኮ ባለሙያ ናት!» አለችኝ አንድ ቀን። «እንዲህ ነው እንጂ የሚረገዝ። የእኔዋ ገና ሳይገፋ ሆዷን ፎቶ አንስታ ለአገር ምድሩ በስልክ በተነችው።»

«የአሁን ልጆች ምን ያውቃሉ!» አልኩ እኔም ኮራ ብዬ።

በሰላም ወለደች። ሴት ልጅ፣ ጥቁር ፀጉሯ ግንባሯ ድረስ የመጣ። እኔ ላርሳት መጥቼ ነበርና ሕፃኗን የማጥበው፣ የማሸው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ለእናትየው አቀብላታለሁ። ታጠባታለች፤ ፊቷ ግን ወደ ግድግዳ ነው። ስትጨርስ መልሳ ታስረክበኛለች፤ እንደ ተዋሱት ዕቃ፣ እንዳይሰበርባት ተጠንቅቃ። ጠያቂ ሁሉ እየመጣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲላት ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። «ልጅቷ ስታምር!» ሲሏት «ምኗ ያምራል?» እንኳ አላለችም። ይሄን ያኔ ልብ አላልኩትም። ገንፎውን በልተው ሲወጡ በር ላይ «ጎሽ፣ ዓይን ታውቃለች» ይሉኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሕፃኗን በመስኮቱ ፀሐይ እያሞቅኋት ሳለ ምራቴ ከአልጋዋ ጠራችኝ።

«እማዬ።»

«ወይ እናቴ።»

«ልጅቷን ሰበታ ይውሰዷት። እዚያው ትደግ።»

ደስ አለኝ። ይሄንንም ታውቃለች እንዴ ብዬ። ልጅ የማይበረክትላት ሴት የወለደችውን ለዘመድ እንደሸጠች ታስመስላለች፤ ሞት የእሷ አይደለችም ብሎ እንዲያልፋት ነው። እኔም ጨዋታውን ተቀበልኩ።

«በስንት ትሸጭልኛለሽ? ካስወደድሽ አልገዛም፤ አፍንጫዋን ከአባቷ ወስዳለች» አልኳት።

አልሳቀችም።

«የምሬን ነው፣ እማዬ። እኔ ጋ አትቆይ። ሌላ ሰው እናት ቢሆናት ይሻላታል።»

«ዓይን ፈርተሽ ደስታሽን መደበቅሽን አውቃለሁ። እኔ ግን ባዳ ነኝ? ከእኔ ምን ያስደብቅሻል?»

ያን ጊዜ ዞራ አየችኝ። በደንብ ስታየኝ ከመጣሁ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምን ደስታ?» አለች። «ሁላችሁም እየመጣችሁ ደብቃ ነው፣ ደብቃ ነው ትላላችሁ። ምንም አልደበቅሁም። እኔም ፈልጌ አጣሁት። ገና እርጉዝ እያለሁ ጀምሮ የለም። አንዳንዴ ተኝቼ በዚያው ባልነሳ እላለሁ።»

ክንዴ ላይ ያለችው ሕፃን ከበደችኝ። አቤት የሰው ልጅ! ይህን ሁሉ ተሸክማ ሻይ ታፈላ ነበር፣ ልብስ ታሰጣ ነበር፣ ለእንግዳ ወንበር ትስብ ነበር። እኛ ደግሞ ዙሪያዋን ቁጭ ብለን እናሞግሳታለን። ያቺ ትንሽ ሰውነት ይህን ያህል ነገር የት አስቀመጠችው?

አልጋዋ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና በመስኮቱ ጎረቤቴን ተጣራሁ። መጥታ ነገሩን ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች።

«ያ ዋቅ! አምላኬ! እኔ ደግሞ ሳደንቃት!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተፈራርቀን ብቻዋን አልተውናትም። በማግስቱ ባጃጅ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን።

የተቀበለችን ነርስ ሰበታ ካለችው የልጅ ልጄ ብዙም አትበልጥም። በሩን ዘጋችና፣ እኔ እንድቆይ ምራቴን አስፈቅዳ፣ ቀስ እያለች ትጠይቃት ጀመር። ከዚህ በፊት ልጅ ሞቶብሽ ያውቃል? እናትሽ አሉ? አጠገብሽ የምታዋዪው ሰው አለ? የኑሮ ጭንቀት አለብሽ? እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ ይዞሽ ያውቃል? እናቷ የሞቱ ጊዜ ትምህርት ቤት መሄድ አቅቷት ለረጅም ጊዜ ተኝታ እንደነበር ያኔ ነው የሰማሁት። ልጄም የሚያውቀው አልመሰለኝም።

«ባለቤትሽስ? ይቆጣሻል፣ ይመታሻል?»

«አይመታኝም» አለች ምራቴ። «የለም እንጂ።»

ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነም ሳትፈራ ጠየቀቻት። ነርሷ ቡራዩ ያለውን ቤታችንን በር ከፍታ እያንዳንዱን ክፍል የምትዞር መሰለኝ። ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ያኔ ግን ያላወቅሁት ፊደሉን ብቻ አልነበረም።

«ልጄ፣ አንቺ ጠንቋይ ነሽ እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። «ኧረ እማማ! በብዙ እናቶች ላይ የታየ ነገር ነው። በእርግዝናም ይመጣል፣ ከወሊድ በኋላም ይመጣል። ልጅ የሞተባት፣ ቀድሞ ያመማት፣ ሰው የራቃት፣ ባሏ የሚያስቸግራት፣ ኑሮ የከበዳት ሴት ላይ ይበልጥ ያሰጋል። ሲደራረብ ደግሞ ይብሳል። ሁሉ በሞላላት ላይም ይመጣል፤ አይመርጥም። ስንፍና አይደለም፣ ልጅ መጥላትም አይደለም። ሕመም ነው፣ ይታከማል።»

«ልጅ መጥላት አይደለም?» አለች ምራቴ።

«አይደለም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት።

«ጠበልስ?» ብዬ ጠየቅሁ ስረጋጋ።

«ያጠጧት እማማ። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘላት ደግሞ በጠበሉ ምክንያት እንዳታቋርጥ። እርስዎም አይራቋት።»

በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላከችን። ሐኪሙ እያጠባች የምትወስደው መድኃኒት አዘዘላትና፣ እየተመላለሰች የምታወራበት ቀጠሮ ሰጣት። ልጄ መንገድ ላይ ሆኖ ደወለ።

«እናቴ፣ በግ ልላክ? ቅቤ ልላክ?»

«በግ በልታ ብትድን ይሄኔ ድና ነበር። አንተ ና!»

መጣ። ሥራውን መተው ባይችልም የቅርብ ጭነት ለመነና ማታ ማታ ቤት ይገባ ጀመር። ሴቶቹ ልጆቼ በስልክ ተነሱብኝ። «ቡራዩ ኮንትራት ፈረምሽ እንዴ?» አለችኝ የሱሉልታዋ። «አዎ፣ አስቀያሚዋ፣ ፈርሜያለሁ» አልኳት።

መድኃኒቱ ወዲያው አልሠራም። ደህና ሆናለች ስንል መልሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞርበት ቀን ነበር። አንድ ቀን ጎረቤቴ ወተቷን አስቀምጣ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠችና እንዲህ ብላ ጠየቀቻት፦

«ያ ወንዱ ልጅሽ ማንን ይመስል ነበር?»

እኔ ደነገጥኩ። ምራቴ ግን ቀና አለች።

«ጣቶቹ ረጃጅም ነበሩ» አለች። «በጣም ረጃጅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«የእኔም ነበረ አንድ» አለች ጎረቤቴ። «ጆሮው እንደ አባቱ ገንጠል ያለ።» ስለ ሁለቱ ልጆች ሲያወሩ፣ ሲያለቅሱ ዋሉ። ላሞቹ ማዶ ሆነው ሲጮሁ እንኳ ጎረቤቴ አልተነሳችም። እዚያች ክፍል ውስጥ የሆነውን ነገር እኔ ምን ብዬ ልጥራው? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆምኩ ያህል ድምፄን አጥፍቼ ሕፃኗን ስወዘውዝ ዋልኩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀጠሮ ሄዳለች፣ ብዙ ቀንም ከፍቷታል። አንድ ጠዋት ግን ሕፃኗን በሳፋ ሳጥባት ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«እማዬ፣ ውሃው አልበዛም ሙቀቱ?»

«አልበዛም። ልጅ ሳጥብ ነው ያረጀሁት።»

እጇን ነከረች። «በዝቷል! ልጄን ሊቀቅሏት ነው እንዴ? አንገቷንስ እንዲህ ነው የሚይዙት? ይስጡኝ፣ ይስጡኝ ወዲህ!»

ነጠቀችኝ። ብዙ ሰው ተቆጥቶኝ ያውቃል፤ ቁጣ እንዲህ ደስ ያለኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። እጄ ሳሙና እንደሆነ ቆሜ አየኋት። ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ እሷ «እሺ፣ እሺ፣ አያትሽ ናቸው እኮ» ትላለች፣ ቀሚሷ በውሃ ርሷል።

«ምን ቆመው ያዩኛል?» አለችኝ። «ቀዝቃዛ ውሃ ያምጡልኝ እንጂ!»

ሄጄ አመጣሁላት።