ደጋ ሲወጣ የረጋው ማር

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ ሁለት ብርጭቆ ይዘው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አንቺ ልጅ፣ አሸነፍሽኝ!» አሉ። «የመስኮቱ ረግቷል። ለአጎትሽ ላኪበት፤ ለልጄ ሰርግ ይምጣ። ጠጁን መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ነው።»

ደብተሬን የት እንደጣልኩት እንጃ። ሮጬ ገብቼ እናቴ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እኛ ደጋው ሰቆጣ ስንኖር እሱ ዝቋላ ቆላው ውስጥ ንብ ያረባል። ከፋሲካ በኋላ ለሚሆነው ሰርግ ማር ያመጣላቸው ኅዳር ላይ ነበር፤ ያኔ እንደ ዘይት ይወርድ ነበር። ወሩ ሳይሞላ እትዬ ክዳኑን ቢከፍቱ ነጥቶ፣ ሻክሮ፣ ማንኪያ አላስገባ ብሎ አገኙት። ባልዲውን አንጠልጥለው እኛ ቤት መጡ።

«ስኳር ቀላቅሎበታል!»

«የኔ ወንድም?» አለች እናቴ።

«ታዲያ ማን? ንቦቹ ሱቅ ወርደው ገዙ?»

አጎቴ ለገበያ መጥቶ ጓዳ ተቀምጦ ነበር። ሁሉንም ሰማ። እሱም ግራ ገባው፤ በሱ አገር ሙቀት ማር በአንድ ወር እንዲህ ሲሆን አይቶ አያውቅም። እትዬ ሲወጡ ለእናቴ «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እምላለሁ። ከዚያ ወዲያ ሰቆጣ ማር ይዤ አልመጣም» አላት። እናቴ አለቀሰች። እኛ ዘንድ መሐላ ቀላል ነገር አይደለም፤ እውነት ይዞ የማለም ቢሆን ዕድሜ ልኩን «ያ የማለው ሰውዬ» ይባላል።

በዚያው ሳምንት በሳይንስ ስለ ቁስ ለውጥ እየተማርን ነበር። ቅቤ ሲቀልጥ መልኩ እንጂ ምንነቱ አይለወጥም፤ ፊዚካላዊ ለውጥ ነው። እንጨት ነዶ አመድ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ሆኗል፤ ኬሚካላዊ ነው። ታዲያ የረጋ ማርስ? እንደገና ከፈሰሰ ያው ማር ነው ማለት ነው አልኩና እትዬን ጠርቼ አንድ ማንኪያ እሳት ላይ ያዝኩ።

አረፋ ደፈቀ፣ ጠቆረ፣ አረረ።

«ይኸው! እንዲህ የሚያርር ስኳር ነው!» ብለው አጨበጨቡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ማሩን ልመልስ ብዬ በገዛ እጄ ከሰል አደረግኩት፤ ያ ደግሞ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው፤ አይመለስም።

በማግስቱ ለመምህራችን ስነግራቸው ሳቁና «እሳት ሳይሆን ለብ ያለ ውሃ ነበር የሚያስፈልገው» አሉኝ። አጎቴን «መሐላውን ትንሽ አቆይልኝ» ብዬ ለመንኩት። «ጠበቃ አገኘሁ በሉኛ!» አለ፤ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ነው።

ከባልዲው አንድ ጣሳ ሞልቼ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቀስ እያለ እንደ ድሮው ፈሰሰ። እትዬ ግን «ስኳርም ይቀልጣል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ማታ ሳስበው ግን ማሩ የረጋው ደጋ ከወጣ በኋላ መሆኑ ትዝ አለኝ። የቀለጠውን በሁለት ብርጭቆ ቀድቼ ወሰድኩላቸው፤ አንዱ ምድጃቸው አጠገብ፣ አንዱ ብርድ በሚገባበት መስኮት።

«ጥፋቱ የስኳር ከሆነ ሁለቱም ይረጋሉ፤ የብርድ ከሆነ የመስኮቱ ብቻ። ራስዎ ይጠብቁት፤ እኔ አልነካም» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር አንገቴን አስግጌ መስኮቱን አያለሁ። «ገና ነው፣ ሂጂ!» ይሉኛል። ሳምንታት አለፉ። አጎቴ ለገበያ ሲመጣም በእትዬ ደጅ አያልፍም፤ ዞሮ ነበር የሚገባው።

ትናንት የመስኮቱ ማር ነጭ ሆነ። የምድጃው እንደ ፈሰሰ ነው።

ለአጎቴ ደውዬ ነገርኩት። «እንዴ! የሰቆጣ ብርድ ነው ሌባ ያሰኘኝ?» ብሎ ሳቀ። እትዬ ተከትለውኝ ገብተው ነበርና ስልኩን ከእጄ ነጥቀው «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አሉት። ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ ግን አይቻለሁ።

ስልኩ ሲመለስልኝ «ጥቅምት ላይ እሳቸውንም፣ የተጠራጠረውንም ሁሉ ይዘሽ ነይ። ማሩን በገዛ እጃቸው ይቁረጡ» አለኝ።

ግብዣውን ለእናንተም አደረስኩ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ በእግር ነው፤ ግን ኑ። ማሩን ይዛችሁ ደጋ ስትመለሱ ቢረጋባችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አስቀምጡትና ጠብቁ። ማንኪያችሁን ብቻ እንደኔ እሳት ላይ እንዳትይዙ!