እትዬ ሣህሊቱና የቬትናም ቃሪያ

እትዬ ሣህሊቱ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው የጌታሁን ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናቸው። አንድ ፈረንጅ ዶሮ ወጣቸውን ቀምሶ ውሃ ሲጠጣ፣ ሲጠጣ፣ ከነጓደኛው ውሃ ጠግቦ ወጣ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ የዚህ ሰፈር ሰው ግን አሳምሮ የሚያወራው ያላየውን ነው።

ሰው ሁሉ ምግቡን ከመቅመሱ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰሞን፣ ጌታሁን ጭንቅ ያዘው። ፈረንጆቹ ኢንተርኔት ላይ አፋችን ተቃጠለ እያሉ ኮከብ ይነፍጉታል። ሶ፣ ከሰኞ ጀምሮ በርበሬው በግማሽ ይቀነስ አለ። እትዬም በርበሬ ከሚቀነስ እኔ ልቀነስ ብለው ሽርጣቸውን ፈቱ። ኮሪያዎቹ ያን ሁሉ ቀይ ምግብ ሲሸጡ ፈረንጅ በራፋቸው ላይ ይሰለፍ የለም ወይ? አሉት። ጌታሁን፣ ኦኬ፣ ሄደን እንቅመስ አለ። አስተናጋጇ ሄራን ድራይቭ አደረገች፤ ወሬውም የሷ ነው።

መጀመሪያ ኮሪያ ታውን አንድ ምግብ ቤት ገቡ። በድልህ የተለወሰው ዶሮ በጋለ ምጣድ እየተንጫጫ፣ እንደ ተቆጣች አማት ፊቱ ቀልቶ መጣ። እትዬ አማትበው ቀመሱ። ደገሙ። ከዚያ፣ ቁጣው መልኩ ላይ ብቻ ነው፣ ድልሃቸው ውስጥ ስኳር አለ ብለው ፈረዱ። በድል ስሜት ምሳውን ጨረሱት።

ቀጥሎ፣ ከወጡ አይቀር ብለው፣ ቬትናም ቤት። የቀረበው ነጣ ያለ የሥጋ መረቅ ከሩዝ ፓስታ ጋር ነው። የታማሚ ሾርባ ነው ብለው አዘኑለት። ከጎኑ ግን ቅጠላ ቅጠል፣ ሎሚና ቀጫጭን ቃሪያ በሳህን ተቀምጧል። የኛ ሰው ቃሪያ ሲያይ እንደሚያደርገው፣ አንዱን አንስተው ከነፍሬው ገመጡት።

ቃሪያ አልነበረም። ገና ያልደረቀ ሚጥሚጣ ነበር።

እንባቸው ኮለል አለ። ጌታሁን ደህና ነዎት ወይ ቢላቸው፣ ሽንኩርቱ ነው አሉ። ሄራን ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት የሚባል አልነበረም ብላ ትምላለች።

ምላሳቸው ሲመለስ የቃሪያውን ሳህን ወደ ጌታሁን ገፋ አደረጉት።

«ስማ ጌታሁን፣» አሉ። «ኮሪያው እንደኛ ነው፤ እሳቱን ወጥ ውስጥ ከቶ ብላ ይልሃል። ይሄኛው አጠገብህ አስቀምጦ ዞር ይላል። በገዛ እጁ የተቃጠለ ሰው ማንን ይከሳል?»

ሰኞ ሽርጣቸውን መልሰው አሰሩ። በርበሬውን ራሳቸው ቀነሱ፤ ከየትሪው ጎን ግን በትንሽ ሳህን ሚጥሚጣ አስቀመጡ። ያን ቀን ማታ አንድ ጎረምሳ ፈረንጅ ጓደኛው ፊት ወንድነቱን ሊያሳይ ሚጥሚጣውን ነሰነሰው። የጎኑም ጠረጴዛ አይቶ ተከተለ። እትዬ በኩሽናው በር አጮልቀው ሲያዩ፣ ፈረንጆቹ እሳቸው በድፍረታቸው ዘመን እንኳ ያልጨመሩትን ያህል ይጨምራሉ። ላባቸው እየተንቆረቆረ ኮከቡን አዥጎደጎዱት።

ወር ሳይሞላ ጌታሁን ኩሽና ገብቶ፣ ሚጥሚጣው እንደ ጨው እያለቀብን ነው፣ አልተቻለም አለ።

እትዬ ከድስታቸው ቀና ሳይሉ፣

«ልቀንስልህ?» አሉት።