ከሰዓዳ ጋር ባሕር የገባሁት እኔ ነኝ

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ልናገር ነው። ባለቤቴ በሞተ በመንፈቁ "ጸበል ሄጄ ነበር" ያልኳችሁ ጊዜ ጸበል አልነበርኩም። ዛንዚባር ነበርኩ፤ ከሰዓዳ ጋር።

ሰዓዳ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሞተች።

እየጻፍኩትም አላምንም። ባለፈው አርብ ደውላ "ጠፋሽ፣ ኮራሽብን እንዴ?" ብላ ስትቀልድብኝ ነበር። ዛሬ ልጇ ሐያት በእናቷ ስልክ ስትደውል እሷው መስላኝ፣ "አልኮራሁም እባክሽ" እያልኩ ነው ያነሳሁት።

ለማታውቋት፦ ሰዓዳ ለገሃር ጨርቅ የምትሸጥ የወሎ ልጅ ነበረች። ቂርቆስ በአንድ አጥር ስንጎራበት ልጆቻችንን አሳድገናል። በኋላ እሷ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባች፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። እድራችን ግን አንድ ነው።

የወንድሟ ልጅ ዛንዚባር ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበር። "አክስቴ፣ ነይና እንግዳዬ ሁኚ" እያለ ይወተውታታል። እኔ ደግሞ ባለቤቴን ከቀበርኩ ጀምሮ በር ዘግቼ ተቀምጫለሁ። አንድ ቀን መጣችና "ተነሽ፣ አብረን ነው የምንሄደው" አለችኝ።

"ሙት ዓመቱ ሳይወጣ? ሰው ምን ይላል?"

"ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?"

ጸበል እንበል ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ አልወደደችውም። "በጸበል አይዋሽም፣ ወርቄ። ሃይማኖቱ ያንቺ፣ ፍርሃቱ የእኔ ሆነ እኮ!" አለች። ግን ምስጢሬን ያዘችልኝ።

ሐዘን ላይ ስለነበርኩ በዚያ ሁሉ ሙቀት ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሼ ነው የሄድኩት። ደሴቱ ላይ ያየኝ ሁሉ ሙስሊም መሰልኩት። በየመንገዱ "አሰላሙ አለይኩም" ይሉኛል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። ሰዓዳ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "መልሺ እንጂ! ከባለጌ ጋር የምሄድ አታስመስይኝ።" ከዚያ ወዲያ ሳትጎሽመኝም እመልስ ነበር።

አንድ ቀን የቅመም እርሻ ሊያሳዩን ወሰዱን። ዕድሜያችንን ሙሉ የወቀጥነውን ቅርንፉድ ዛፍ ላይ አየነው። እኔ ከልጄ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ ማንበብ በራሴ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ያነበብኩትን መናገር ደግሞ እወዳለሁ። ቀረፋ ማለት የዛፍ ቅርፊት መሆኑን አስረዳኋት። አስጎብኚው በቢላ ላጥ አድርጎ ሲሰጣት አሸተተችው። "አንቺ አንብበሽ አወቅሽው፣ እኔ ነክቼ" አለችና፣ እንኳን ልታቀምሰኝ ሳታስሸትተኝ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በጀልባ ተሻግረንም በርጩማ በርጩማ የሚያካክሉ ኤሊዎች አየን። ቅጠል እያጎረሰቻቸው፣ "ይቺ ትልቋ እትዬ በለጡን አትመስልም? የጎረሰችውን ሳትውጥ የሌላውን ታያለች" አለችኝ። እትዬ በለጡ የእድራችን ሴቶች ሰብሳቢ ናቸው። ይቅር ይበሉን።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ሸሽቶ ነጭ አሸዋ ብቻ ይቀራል። ሩቅ ድረስ በእግራችን ገባን። ውሃው መመለስ ሲጀምር ወደ ዳር ልሮጥ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ልቀቂኝ፣ ልብሴ!"

"ጥቁር አይደል? እድፍ አያሳይም።"

"ሐዘን ላይ ነኝ፣ ሰዓዳ።"

"አብሽሪ" አለች። ለሁሉም ነገር "አብሽሪ" ነበር የምትለው፤ ለታመመም፣ ለተሰረቀም፣ ወጥ ላረረባትም። አይዞሽ ማለቷ ነው።

ውሃው ወገባችን ደረሰ። ቀሚሴ ተነፍቶ እንደ ድንኳን ዙሪያዬን ተንሳፈፈ። እሷ በሳቅ መቆም አቃታት። እኔም ሳቅኩ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ መጀመሪያ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ስንመለስ ለካ የወንድሟ ልጅ ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለጥፎታል። እኔ አልነሳም ስላልኩ ባሕሩ ዳር ብቻዋን ናት። የእድር ስብሰባ ላይ እትዬ በለጡ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጎረቤትሽ ማቅ ለብሳ ጸበል ላይ ወድቃ፣ አንቺ ባሕር ውስጥ ትንቦራጨቂያለሽ? ወይ ጎረቤት!" አሏት።

ሰዓዳ ወደ እኔ ዞራ አላየችም። "አምሮኝ ነው፣ እትዬ" ብቻ አለች። እኔ ጎኗ ተቀምጬ ነበር። ምንም አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ "በሰው ሐዘን የተዝናናችው" የሚለው ስም አልለቀቃትም። እሷም አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔ ግን ስሟ በተነሳ ቁጥር ወሬ እቀይር ነበር።

ዛሬ ወንዶቹ ለቀብር ሲወጡ እኛ ሴቶቹ ቤት ቀረን። አንዷ "መቼም ደግ ነበረች፣ ያንን የዛንዚባሩን ነገር ብንተወው" አለች። ሐያት አቀርቅራ ሰማች። እኔ ዛሬም ዝም አልኩ። ቤቴ ስገባ ግን መቀመጥ አቃተኝና ይኸው እጽፋለሁ።

ስለዚህ ስሙኝ። ሰዓዳ በሰው ሐዘን አልተዝናናችም። ሐዘንተኛዋን እጇን ይዛ ነው የሄደችው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የተሰደበችው እሷ ናት።

ሰዓዳዬ፣ በእኔ ወግ ነፍስሽን ይማር እላለሁ። በአንቺ ወግ የሚባለውን ሐያት ስትልልሽ ደግሞ አሜን እላለሁ። በሕይወት እያለሽ ልናገርልሽ ይገባኝ ነበር። አልተናገርኩም። ደህና ሁኚ፣ ጎረቤቴ።

ይህን ጽሑፍ አሁን ለሐያት ልኬላታለሁ። እትዬ በለጡ ስልክ ላይ ማንበብ አይሆንላቸውም። ነገ ጎተራ፣ ሴቶቹ ሁሉ በተቀመጡበት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ራሴ አነብላቸዋለሁ።